የምንበላውን የሚመርጥልን ማነው?
(ከቡና ታሪክ እስከ ለቅሶ ቤት ማዕድ)



ሰው ምን እንደሚበላና ለምን እንደሚበላ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። «የራበው ይበላል፣ የጣመውን ይመርጣል» እንላለን። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ባልተነሳን ነበር። በለቅሶ ድንኳን ሥር የተቀመጠ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ያልራበው ሲበላ፣ የራበው አፍሮ ሲቀር፣ አቅም የሌለው ደግሞ ተበድሮ ሲያበላ የምናይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንግዲያው ከሆዳችን ሌላ የሚያዘን ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ነገር ምን እንደሆነ ከታሪክ ጥቂት ምሳሌ እየጠቀስን ለማየት እንሞክራለን። በመጨረሻም ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን፤ የተነሳንበት ጉዳይ እዚያው ነውና። በውጭ አገር የሆነውን በእነሱ አቆጣጠር፣ በአገራችን የሆነውን በእኛው አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ቡና ነውር የነበረበት ዘመን

ዛሬ ለቅሶ ቤት ገብቶ ቡና ሳይቀርብለት የወጣ ሰው ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። «ኧረ ቡና እንኳ አላፈሉም» ማለቱ አይቀርም። ቡና ከሐዘናችንም ከደስታችንም ጋር ስለተቆራኘ፣ ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለናል። ነገር ግን አልነበረም። ቡና የበቀለው በአገራችን ምድር ቢሆንም፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለረጅም ዘመን አይጠጡትም ነበር። ቤተ ክርስቲያኗም ትከለክል ነበር። የቅድመ አያቶቻችን ወላጆች በሕይወት ኖረው የዛሬውን የለቅሶ ቤት ረከቦት ቢያዩ «ምን ጉድ ነው?» ሳይሉ አይቀሩም።

ምክንያቱ ጣዕሙ አልነበረም። ቡናው ያው ቡና ነው። በስኮትላንዳዊው መንገደኛ በጄምስ ብሩስ ጊዜ፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ አገራችን በመጣበት ዘመን፣ ኦሮሞዎች ቡናውን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰውና አድበልብለው ለመንገድ ስንቅ ይይዙት እንደነበር ብሩስ ራሱ ጽፏል። ሙስሊሞችም ይጠጡት ነበር። ክርስቲያኑ የራቀው እንግዲህ ስለሚመር ወይም ስለሚያምም አይደለም። «የእነሱ መጠጥ ነው» ስለተባለ ነው። ጎረቤቱ የሚጠጣውን ባለመጠጣት «እኔ የእገሌ ወገን ነኝ» ይል ነበር። ስኒው እንደ ማዕተብ መለያ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው ደግሞ፣ በዚያው መጠጥ ላይ በእስልምና ማእከል በመካም ክርክር ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካ ገዢ የነበረው ኻይር ቤግ፣ ቡና ያሰክራል፣ ሰዎችም እሱን ምክንያት እያደረጉ እየተሰበሰቡ ያልሆነ ወሬ ያወራሉ በሚል አስከልክሎት ነበር። ክልከላው ግን ብዙ ሳይቆይ ከካይሮ በመጣ ትእዛዝ ላላ። እ.ኤ.አ. በ1633ም የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በኢስታንቡል የነበሩትን ቡና ቤቶች ዘግቶ ነበር። እዚያ ሙስሊሞቹ ራሳቸው ሲከራከሩበት የኖሩት መጠጥ፣ እኛ ዘንድ «የሙስሊም መጠጥ» ተብሎ ክርስቲያኑ ሸሸው። ስለዚህ ነገሩ ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከጠጪው ማንነት የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ እንዴት ተለወጠ? በአዋጅ አልተለወጠም። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚለው ቡና መጠጣት በክርስቲያኑ ዘንድ በፍጥነት የተስፋፋው ከ1872 እስከ 1878 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ ለዚህም ዋነኞቹ ምክንያቶች ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት፣ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። ሁለተኛው በዚያው ዘመን ከግብፅ መጥተው የሸዋ ጳጳስ የሆኑት አቡነ ማቴዎስ ናቸው፤ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናቱን እምነት ለማስቀረት ብዙ ደክመዋል።

እስቲ ነገሩን እናስተውለው። ሕዝቡ ስለ ቡና ጥቅም ትምህርት አልተሰጠውም። ትልቁ ሰው ሲጠጣ ታየ፤ ያወግዛሉ የተባሉት አባት አላወገዙም። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ጠጣ። የብዙ መቶ ዓመት ነውር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወግ ሆነ። ዛሬ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ የዕድር ድንኳን ተቀምጦ፣ ከአንድ ጀበና የተቀዳ ቡና እየጠጣ ያለቅሳል። ቀድሞ የለየን መጠጥ ዛሬ የሚያገናኘን ሆኗል።

የአሜሪካ የቤት እመቤቶችና ኩላሊት

እንዲህ ያለው ለውጥ እንዴት እንደሚመጣ በጥናት ለማወቅ የተሞከረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በአሜሪካ ጥሩ ጥሩው ሥጋ ወደ ጦር ሜዳ ይላክ ስለነበር ለሕዝቡ የሚቀረው አነሰ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 ሥጋ በራሽን መታደል ጀመረ። በሌላ በኩል ግን ልብ፣ ኩላሊትና የመሳሰለው የሆድ ዕቃ እያለ የቤት እመቤቶቹ አይገዙትም ነበር። እኛ ለበዓል በግ ሲታረድ ዱለቱን ለማግኘት እንሻማለን፤ እነሱ ግን ሽታውም ስሙም ያስጠላቸው ነበር። ሆድ ሁሉ አንድ ከሆነ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

መንግሥት ይህን ጉዳይ የሚያጠና የምግብ ልማድ ኮሚቴ ነበረው። ጸሐፊዋ ስመ ጥሯ የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ማርጋሬት ሚድ ነበረች። ከኮሚቴው ጋር ከሠሩት አንዱ ኩርት ሌዊን ይባላል። ሌዊን አይሁዳዊ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከጀርመን ወጥቶ አሜሪካ የገባ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር።

ሌዊን በመጀመሪያ የጠየቀው «ሰው ምን ይወዳል?» ብሎ አይደለም። «ምግቡ ወደ ገበታው የሚደርሰው በማን እጅ አልፎ ነው?» ብሎ ነው። ገበታ ላይ የቀረበው በአብዛኛው ይበላል፤ ስለዚህ ቁልፉ ያለው የሚቀርበውን በሚወስነው ሰው እጅ ነው አለ። ይህን ሰው «በር ጠባቂ» ብሎ ጠራው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቤት በር ጠባቂዋ የቤት እመቤቷ ነበረች። የእኛ ቤት ከዚህ የተለየ ይሆን?

ከዚያም ስድስት የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ቡድኖች ተመረጡ። እያንዳንዱ ቡድን ከ13 እስከ 17 ሴቶች ነበሩበት። ለሦስቱ ቡድኖች ጥሩ ንግግር ተደረገላቸው። ስለ ቪታሚኑ፣ ስለ ዋጋው ርካሽነት፣ ለጦርነቱ ስለሚሰጠው ድጋፍ ተነገራቸው፤ የአሠራሩም ዘዴ በወረቀት ታደላቸው። ለቀሩት ሦስት ቡድኖች ግን ንግግር አልተደረገም። አሌክስ ባቬላስ የተባለ የሌዊን ባልደረባ ውይይት ከፈተላቸውና «እንደ እናንተ ያሉ የቤት እመቤቶች ይህን ሥጋ እንዳይሠሩ የሚያግዳቸው ምንድነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም ባሌ አይወድም፣ ሲበስል ይሸታል እያሉ የልባቸውን ተናገሩ። መፍትሔውንም ራሳቸው ተመካከሩበት። በመጨረሻ «በሚቀጥለው ሳምንት የምትሞክሩ እጃችሁን አውጡ» ተባሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በኋላ ሲጠየቁ፣ ንግግር ከሰሙት መካከል ከዚያ በፊት ሠርተው የማያውቁትን ሥጋ የሠሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተወያይተው እጅ ካወጡት ግን 32 በመቶ ሠሩት። ጥናቱ ትንሽ መሆኑንና የተወያዩት ሴቶች በኋላ እንደሚጠየቁ ማወቃቸውን መደበቅ አይገባም፤ ይህም ሳይገፋፋቸው አልቀረም። ለእኛ ግን ይህ ራሱ ትምህርት ነው። ብቻውን የወሰነ በማግስቱ ይረሳዋል፤ በጎረቤቱ ፊት እጁን ያወጣና እንደሚጠየቅ ያወቀ ግን ቃሉን ይጠብቃል።

ከሰው ጋር ሲበላ

ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሊያን በርች የተባለች ተመራማሪ፣ አንዱን አትክልት የሚወድ ሕፃን ሌላውን ከሚወዱ ሕፃናት ጋር በአንድ ገበታ እንዲበላ አደረገች። ማንም ሳያስገድደው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕፃኑ ጓደኞቹ የሚመርጡትን መምረጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ጆን ዲ ካስትሮ የተባለ ተመራማሪ፣ ሰዎች የሚበሉትን ሁሉ እንዲመዘግቡ አድርጎ ባጠናው ጥናት፣ ከሰው ጋር የተበላው ምግብ ለብቻ ከተበላው በ44 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብዙ ይቀመጣል፣ ብዙም ይበላል ማለት ነው።

ይህን እኛ ያለ ጥናትም እናውቀዋለን። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉ የለም አባቶቻችን? መሶባችን አንድ ነው፤ ጉርሻችን ከአንድ አይቆምም። በተለይ ደግሞ ይህ ኃይል በጎነቱ የሚታየው በሐዘን ጊዜ ነው። ሐዘን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ልጁን የቀበረ ሰው እህል በጉሮሮው አይወርድም። ያን ጊዜ ጎረቤት እዝኑን ተሸክማ ትመጣና አጠገቡ ተቀምጣ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። እሱም ርቦት ሳይሆን እሷን ላለማሳዘን ይጎርሳል። በዚያች ጉርሻ ብርታት ሦስቱን ቀን ያልፋል። ስንቱን ሰው ከሞት የመለስነው በዚህ ነው። ይህ መቼም እንዲቀርብን አንፈልግም።

ነገር ግን ያው ኃይል ሲገለበጥ ይጎዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ወንድማችን «አይሆንልኝም» እያለ «አንድ ጉርሻ አይገድልም» እያልን የምናጎርሰው በዚሁ ኃይል ነው። ደም ግፊት ያለባቸው እናታችን ጨው የበዛበትን ወጥ አልፈልግም ለማለት አፍረው የሚበሉት በዚሁ ኃይል ነው። ይሉኝታ ይባላል። ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው።

የእኛው ቤት

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት ጉዳይ ደረስን። እዝን የተባለው ነገር ትርጉሙ ምን ነበር? ሐዘን ባለበት ቤት ጎረቤት አብስሎ ያመጣል፤ ሐዘንተኛው አይደክምም፣ አያወጣም ማለት ነው። ምግቡ የሚሄደው ከሰፈሩ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ነበር። የተዝካርም ቁም ነገሩ ጸሎቱና ለድሃ የሚሰጠው ነው። እኛ ግን እያየን መንገዱ ተገለበጠ። ዛሬ ብዙ ጊዜ ምግቡ የሚወጣው ከሐዘንተኛው ቤት ነው፤ የሚበላው ደግሞ ሰፈሩ ነው። ንፍሮና ቡና የነበረው እንጀራ በወጥ ሆነ፤ ወጡም አንድ ዓይነት መሆኑ ቀርቶ ሦስትና አራት ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕድራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ ይህን አይቶ መመሪያ አወጣ። በለቅሶ ቤት ንፍሮ፣ ዳቦና ቡና ብቻ እንዲቀርብ የሚል ነው። መመሪያው ተባዛ፤ በሦስት ወርኃዊ ስብሰባ ተነበበ፤ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ምን ሆነ? መመሪያው ከተለጠፈበት ምሰሶ ሥር ተቀምጠን ቀይ ወጥ በላን። ከዚያም አልፎ መመሪያውን ካወጣነው ከራሳችን ከኮሚቴው አባላት የአንዱ እናት ሲያርፉ፣ እሱም «ምን ላድርግ፣ ዘመድ ከሩቅ መጥቶብኝ» ብሎ ሦስት ዓይነት ወጥ አቀረበ። አልፈረድንበትም። የመጀመሪያው ቆጥቋጣ ቤት ተብሎ መጠራት ማን ይፈልጋል? ሌዊን ንግግር ከሰሙት ሴቶች ያገኘው 3 በመቶ፣ እኛ ዘንድ እሱም አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብዳል፤ ግን መጻፍ አለበት። አንዲት የዕድራችን አባል ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ ታመው ዐረፉ። ሕመሙ የነበራቸውን ገንዘብ ጨርሶት ነበር። አርባው ሲደርስ ድንኳን ተተከለ፤ እኛም ሄድን። እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። ወጡ ጥሩ ነበር። ከመካከላችን «ሥጋው ትንሽ አነሰ» ያለም ነበር። ጠላውም አልቀረም። መርቀን፣ አመስግነን ወጣን።

ከወር በኋላ ከልጆቻቸው እንደሰማነው ለዚያ ድግስ ሲሉ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ሸጠው ኖሯል። በዚያች መኪና የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፉ ነበር ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት። ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» የሚል ብቻ ነው። ሰው የተባልነው እኛ ነን። ደግሱ ብለን ያዘዝን የለንም፤ አትደግሱ ያልናቸውም የለንም። ሄደን ተቀምጠን መብላታችን ግን እንደ ትእዛዝ ሆኖባቸዋል። የበላነው ያንን መኪና ነው።

ዕድሩ ከሣጥኑ አበድሯቸው ሌላ መኪና ገዝተዋል፤ ብድሩንም በየወሩ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ። በነጻ እንስጥዎ ብንላቸው አልተቀበሉም። ስለዚህ እኛ ለበላነው እስከ ዛሬ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ምን እናድርግ?

ሌላ መመሪያ እናውጣ አንልም። ወረቀት ምን እንደሚሠራ አይተነዋል። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ግን የሚከተለው እንዲሆን እናሳስባለን።

1ኛ/ ጉዳዩ ከመድረክ በንግግር እንዳይቀርብ። ይልቁንም አባሎች በየመንደራቸው 12 ወይም 15 ሆነው ተቀምጠው ይወያዩበት። ሁለት መቶ ሰው ፊት ያፈረ በጎረቤቱ ፊት የልቡን ይናገራል።

2ኛ/ መጀመሪያ የሚናገሩት ሴቶቻችን ይሁኑ። ገበያ የሚወጡት፣ ወጥ የሚሠሩት፣ የጭሱንና የብድሩን ልክ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እስከ ዛሬ ስለ ለቅሶ ቤት ማዕድ የወሰንነው በአብዛኛው እኛ በልተን የምንወጣው ወንዶች ነበርን።

3ኛ/ የሚያግደን ነገር ሁሉ በግልጽ ይነገር። ከገጠር የመጣ ዘመድ ምን ይብላ? በሽተኛና ሽማግሌ እንዴት ይስተናገድ? ሀብታሙ ልደግስ ካለ ምን ይባላል? ለእያንዳንዱ መልሱን አባሎች ራሳቸው ያግኙት። ከሩቅ የመጣውን ዘመድ ጎረቤት በየቤቱ ተከፋፍሎ ቢያስተናግደው የእዝኑ ጥንታዊ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው።

4ኛ/ በመጨረሻ እጅ ይውጣ። በየሦስት ወሩም ቃላችንን መጠበቃችን ይጠየቅ። የመጀመሪያውም ቤት ብቻውን እንዳይሆን፣ አቅም ያላቸው አባሎቻችን ቀድመው ይጀምሩ። ቡናን ወግ ያደረገው ትልቁ ሰው ሲጠጣ መታየቱ እንደሆነ አንዘንጋ። ደሃው ንፍሮ ሲያቀርብ «አጥቶ ነው» ይባላል፤ ባለጸጋው ሲያቀርብ ግን ደንብ ይሆናል።

ሁሉም በአንድ ቀን ይለወጣል ብለን አንዋሽም። ከመቶ 32 እንኳ ብናገኝ ከሦስት ቤት አንዱ ከዕዳ ዳነ ማለት ነው። ቀሪው እያየ ይከተላል። አያቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመት ነውር ያሉትን ቡና እኛ ወግ ካደረግነው፣ እኛ ወግ ያደረግነውን የለቅሶ ቤት ድግስ ልጆቻችን ነውር ሊሉት የማይችሉበት ምክንያት የለም። ሐዘንተኛውን «አፈር ስሆን ብላ» ማለታችንን ግን አንተው፤ እሱ ይብላ እንጂ እሱን አንብላው።

አባሎች በጉባኤው ላይ ሳትቀሩ እንድትገኙ፣ ስትመጡም እጃችሁን ለማውጣት አስባችሁበት እንድትመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ዕድራችንን ያጽናልን።